በጭድ ሥር የተቀመጠ አማና

ኑርዬን የማያውቅ ሰው ከውጫሌ በላይ ባለው መንደራችን አይገኝም፤ ኑርዬ ያልቀበረለት ቤት የለማ። የቅሬያችን ዳኛ ነው። ቅሬ በእኛ አገር ሙት የሚቀበርበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ጠብ የሚበርድበት ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። እኔ አራጋው ከነዘር ማንዘሬ ክርስቲያን ነኝ፤ አባቴ ሲሞት ጉድጓዱን ያስቆፈረው ግን ኑርዬ ነው። ቄሶቹ ፍትሐት ሲያደርሱ ራቅ ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ቆመ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ አካፋ ማን እንደሚይዝ፣ ውሃ ማን እንደሚያመጣ በዓይኑ ብቻ አዘዘ። ሲቆጣ እንኳ ድምፁ ከፍ አይልም። የእኔ ግን ይላል። ይሄን ታሪክ ያለ ቁጣ የሚነግራችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ።

ኑርዬ ልጅ አልወለደም። ሚስቱን ኡሙሰልማን አሙበት፤ ሌላ ጨምር ብለውም መከሩት። "አንዷንስ በወጉ መቼ ያዝኳት" እያለ በሳቅ ያልፋቸው ነበር። ልጅ የሰጠችው እህቱ ሂንድ ናት፤ ያውም በሞቷ። ሁለተኛዋን ስታምጥ ውላ አድራ አልሆን ሲላት በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ውጫሌ ወረድን። የፊተኛውን እንጨት የያዘው ኑርዬ ነበር፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ስትደርስ ማቃሰቷ ቆመ። ኑርዬ ሳይዞር "ለምን ዝም አለች?" ብሎ ጠየቀኝ። ቃሬዛውን ሳናወርድ ሜዳው ድረስ ወረድን።

የሂንድ የመጀመሪያ ልጅ አብዱልከሪም ያኔ የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም ነበር። ኑርዬና ኡሙሰልማ ወስደው አሳደጉት። እሱን "አባ"፣ እሷን "እማ" እያለ አደገ። ዶሮ ከታረደ ፈረሰኛው የእሱ ነው፤ በሬ ቢጠፋ እንኳ ትምህርት ቤት ቀርቶ ፍለጋ አይላክም። እኔ "ልጁን እያሞላቀቅከው ነው" ስለው፣ ኑርዬ "እናቱን በሰላም ያላደረስኩ ሰው ነኝ፤ ልጇን ደግሞ ልበድለው?" ይለኝ ነበር። ከዚያች ቁልቁለት በኋላ ኑርዬ ከዱንያ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እዚሁ መንደር ውስጥ ሴቶች የሚወልዱበት ክፍል። ጤና ኬላችን ክትባት ከሚሰጥባት አንዲት ጠባብ ክፍል ሌላ የላትም። ወረዳ በሄደ ቁጥር የሚመለስለት ቃልም ያው ነው፤ ክፍሉን እናንተ አቁሙ፣ አዋላጅ እኛ እንመድባለን።

አብዱልከሪም ጎረመሰና እንደ እኩዮቹ ዐረብ አገር ሄደ። እዚያ ተገጣጣሚ ቤት በሚሠራበት ግቢ ተቀጠረ። የተመለሰው በለውጡ ዓመት ነው። ያኔ ለውጥ የሚለው ቃል ከማንም አፍ አይጠፋም ነበር፤ ነጋዴውም፣ ሹሙም፣ ሚስቱን የሚፈታውም ለውጥ ይላል። አብዱልከሪም ሐይቅ ከተማ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ግቢ ተከራይቶ "ተገጣጣሚ ቤት እናቀርባለን" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ወደ እኛ ሲወጣ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በላስቲክ ጠቅልሎ ለኡሙሰልማ ይዞ ይመጣል። እሷ ዓሣ አትወድም፤ እሱ እስኪሄድ ድረስ ግን ትበላለች።

ክፍሉን በተገጣጣሚ እንሥራው የሚለውን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ድንጋይ መጥረብ የለ፣ እንጨት ማጓጓዝ የለ፤ ወለሉን ሲሚንቶ ካፈሰስን ግድግዳውና ጣራው ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ በቡሎን ይታሰራል፣ አለቀ። ለዚህም ናሙና ይዞ መጣ፤ የክንድ ያህል የተቆረጠ ፓነል። ግራና ቀኙ ነጭ ላሜራ ነው፣ መሐሉ ቢጫ ጠንካራ ፎም። በሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመውና ኑርዬን ቁምበት አለው። ቆመበት፤ ቅንጣት አልጎበጠም። ከዚያ እኔን አስወጣኝ፤ የእኔን ክብደት የሚያውቅ ያውቃል፤ እሱንም ቻለው። ውሃ አፈሰሰበት፣ ክብሪት ጫረበት። መንደሩ ሁሉ አጨበጨበ። ኑርዬ ናሙናውን ተቀብሎ ቤቱ አስገባው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወጣ ያስነካው ጀመር።

ዐረብ አገር ያሉ የመንደራችን ልጆች አዋጡ። ሴቶቹ ይበልጡ ነበር፤ የሰው ቤት እያጸዱ፣ የሰው ልጅ እያጠቡ ያመጡትን ለእናቶቻቸው መውለጃ ላኩ። ተቀባዩ ቅሬው ነው፤ ሥራውንም ቅሬው ለአብዱልከሪም ሰጠ። ከእሱ ሌላ ማን ይታመናል? እናቱ የሞተችበትን ነገር ነው የሚሠራው።

ፓነሎቹ በአይሱዙ የመጡት በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልለው፣ በገመድ ታስረው፣ እስር እስር ሆነው ወረዱ። አብዱልከሪም አደራ ብሎ ተናገረ፦ ላስቲኩ ከተከፈተ እርጥበት ገብቶ ያበላሻቸዋል፤ ዝናቡ እስኪያልፍ ይቀመጡ፤ ገጣሚዎቼን ይዤ ስመጣ እኔው እከፍታቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ኢቲሳም አንድ ነገር ተናግራ ነበር። ኢቲሳም ከዐረብ አገር የተመለሰች፣ ለክፍሉም ካዋጡት አንዷ ናት። አንዱን እስር ከፍተን ብናየውስ አለች፣ እንደ ዋዛ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። የዘመድን ዕቃ ፈትቶ ማየት ሌባ ነህ ከማለት በምን ይለያል? ደግሞም በእኛ ዘንድ አማና ማለት፣ እኛ ክርስቲያኖቹ አደራ የምንለው፣ እንደታሰረ ተቀብለህ እንደታሰረ የምታስረክበው ነገር ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ቅሬው ተሰበሰበ፤ ሸሁም ቄሱም ባሉበት ዱዓ ተደረገና ዕቃው ለኑርዬ ተሰጠ። በዱዓ የታሰረ በዱዓ ነው የሚፈታው፤ ቅሬው ባለበት እንጂ ዳኛውም ብቻውን አይነካውም። ኑርዬ በረቱ ውስጥ አስገብቶ ጭድ ከመረበት። ኢቲሳም ሁለተኛ አላነሳችውም።

ክረምቱን ሙሉ ወለሉን ስንሠራ ከረምን። ጠጠሩን ሴቶች ከወንዝ አወጡ፣ ሲሚንቶውን በአህያ ጫንን። ኑርዬ ጾም ላይ ሆኖ እንኳ አካፋ አይለቅም ነበር። ወለሉ ሲደርቅ በላዩ በባዶ እግሩ ከዳር እስከ ዳር ተራመደና አልጋው እዚህ፣ መታጠቢያው እዚህ እያለ አሳየን። መስከረም ሲጠባ አብዱልከሪም ሳምንት እመጣለሁ አለ፤ ሳምንቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደረሰ።

ከሰሜን በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማ ጀመር። ሰው ልጁን አዝሎ ከብቱን እየነዳ ወረደ። አብዱልከሪም ከሐይቅ አንድ ፒክአፕ ይዞ ኑርዬንና ኡሙሰልማን ሊወስድ መጣ፤ ይሄን አልክድበትም፣ ያን ቀን የወጣ መኪና የእሱ ብቻ ነበር። እኔንና ልጆቼንም ያወጣን እሱ ነው። ኡሙሰልማ አስም ነበረባት፤ በእግሯ ልትሄድ አትችልም። ደግፌ መኪናው ላይ ስሰቅላት ኑርዬን በረቱ በር ላይ ቆሞ አየችው። ወረደችና እጅጌውን ያዘች።

"ቆርቆሮ እኮ ነው ኑርዬ። ቆርቆሮ ኸኔ ይበልጥብሃል?" አለችው።

"ቆርቆሮስ ቢሆን ባልቆምኩ፤ አማና ነው" አላት። "እኔ ኸሄድኩ ነገ ያገኘው ሁሉ ጣራ ያደርገዋል።"

ያኔ ወደ አብዱልከሪም ዞረች። አንተን ይሰማሃል፣ አንተ ንገረው አለችው። ሁላችንም እሱን አየን። ኑርዬም አየው። አብዱልከሪም ጭዱን ተመለከተ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ጎማ ነካካና ጊዜ የለንም፣ እንሂድ አለ። ኑርዬ ግንባሩን ሳመው። "እማን አደራ" አለው። ኡሙሰልማ መንገዱን ሙሉ ሻሿን በአፏ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ልጆቼን አቅፌ ወደ ሐይቁ ውሃ አያለሁ፤ አብዱልከሪም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ይነዳል።

ሐይቅም አልቆየ፣ ደሴም አልቆየ። ኮምቦልቻን አልፈን ደብረ ብርሃን ደረስን። እኔ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለልኩ፣ እነሱ ሌላ። የዚያ አገር ብርድ ደረት የታመመ ሰው የሚችለው አይደለም። ኡሙሰልማ በኅዳር ሞተች። ወሬውን ሰምቼ ለቀብሩ ደረስኩ። የማያውቋት ሰዎች ከፈን ገዙላት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የተቀበላት አብዱልከሪም ነው። እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው። እኔም አቅፌው አለቀስኩ፣ ምስኪን ልጅ፣ እናቱን ሁለቴ ቀበረ አልኩ። መንደሩን ሁሉ የቀበረው ኑርዬ ሚስቱ መሞቷን እንኳ አያውቅም፤ ስልክ ተቆርጧል።

እሱ የዚያን ጊዜ ምን ሲሆን እንደነበር በኋላ በቁርጥራጭ ነው የነገረኝ። ታጣቂዎቹ የቤቱን ጣራና በር ነቅለው ወሰዱ፣ በሬዎቹን አረዱ። ኑርዬ በረቱ ውስጥ ጭዱ ላይ እየተኛ ቆየ። አንድ ቀን ጭዱን በሳንጃ ሲወጉ ላስቲኩ ተገኘ። ምንድነው ቢሉት አልናገርም አለ፤ በሰደፍ ትከሻውን መቱት። ዳር ላይ ያሉትን ሁለት እስር ቀደዱ፣ አንዱን ፓነል ጎትተው አወጡ፣ አገላብጠው አዩትና ወረወሩት። አንደኛው ሳቅ ብሎ "አንተ ሽማግሌ፣ ይሄን ብለህ ነው የምትሞተው?" አለው። ከዚያ ጥለውት ሄዱ። የጤና ኬላውን አልጋ፣ የትምህርት ቤቱን ወንበር ሳይቀር የጫኑ ሰዎች ናቸው። ኑርዬ ዱዓችን ነው የጋረደው አለ። የተቀደደውን ሳያይ ፊቱን አዙሮ በላስቲኩ መልሶ ጠቀለለው፤ ትከሻው ግን ከዚያ ወዲህ ሞፈር አይሸከምም።

በታኅሣሥ ተመለስን። መርዶ መንገር ነበረብን። በእኛ አገር መርዶ የሚመራው የቅሬ ዳኛ ነው፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይናገር የሚለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ዳኛ ሳይኖረን ማለዳ ተሰብስበን ወደ ቤቱ ሄድን። ኑርዬ ደጅ ላይ ውዱእ ሲያደርግ ከሩቅ አየን። አመጣጣችንን ያውቀዋል፣ ስንት ዘመን መርቶታል። ማሰሮውን አስቀመጠና መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንም ሳይናገር "ማን ቀበራት?" አለ። አብዱልከሪም አልኩት። "አላህ ይስጠው" አለና ጋቢውን በፊቱ ላይ ጣለ።

አብዱልከሪም ለለቅሶው መጣ። ኑርዬ እንደ ባለውለታ ነው የተቀበለው፤ ሰው ሁሉ እያየ እጁን ይዞ ሳመ። በአስከሬኗ ላይ ማን እንደሰገደ፣ መቃብሩ ወዴት እንደሚያይ፣ ድንጋይ ተተክሎ እንደሆነ ጠየቀው። ኋላ አብዱልከሪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዕቃው ተከፍቷል ወይ አለ። ኑርዬ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ፤ የእኛ እጅ አልነካውም አለው፣ እየኮራ። አብዱልከሪም ገጣሚዎቹ በጦርነቱ ተበትነዋል፣ ሰብስቤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንዳይከፈት ብሎ በማግስቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ሲነሳ ደግሞ ነገ ነው።

በልግ ደረሰ። ነፍሰ ጡር ሴቶች ነበሩን፤ ውጫሌ ያለውም ጤና ጣቢያ ተዘርፎ ባዶውን ነው። ኑርዬ ቅሬውን ሰበሰበና እንክፈተው አለ። ገጣሚ ባይኖር እንኳ ቡሎን ማሰር አያቅተንም፣ አብዱልከሪም ሲመጣ ያስተካክለዋል። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱም አባታችን ሆይ አሉ፣ ኑርዬ በገዛ ቢላው ገመዱን ቆረጠ።

የመጀመሪያውን ፓነል እኔና ሌላ ሰው በሁለት ጫፍ ያዝነው። በጣም ቀላል ነበር። ስናቆመው መሐሉ ተርገበገበ፤ ከላዩም እንደ ቁራሽ ኖራ የደረቀ ነገር ረገፈ። ስቱኮ ነው። የድሮ የቡሎን ቀዳዳዎችን በስቱኮ ደፍነው ነጭ ቀለም ቀብተውበታል፤ ፓነሉ ሲተጣጠፍ ስቱኮው እየወደቀ ፀሐይ በወንፊት እንደሚያልፍ አለፈበት። የታችኛው ጠርዝ በዝገት ተበልቶ በጣት ይፈረፈራል። መሐሉን አየነው፤ ቢጫው ፎም የለም። የተሰባበረ ነጭ ፎም ነው፣ ክፍተቱ በካርቶን የተሞላ፣ አይጥ የፈለፈለችበት። አንዱ ፓነል ወፍራም፣ ሌላው ስስ፤ ቢገጠሙም አይገናኙም። ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ ማለት ይሄ ነው።

ኑርዬ ናሙናውን አምጡልኝ አለ። ጣራ ከሌለው ቤቱ አመጡለት። ከፓነሉ ጎን ያዘው፤ የፓነሉ ውፍረት የናሙናውን ግማሽ እንኳ አይሆንም። አውራ ጣቱን ላሜራው ላይ ጫን ሲያደርግ ሰመጠ።

ኢቲሳም ቀረብ ብላ መስኮት ይሆናል በተባለው ፓነል ላይ እጇን አሳለፈች። "አያ ኑርዬ፣ ይሄ አዲስ አይደለም" አለች፣ ቀስ ብላ። "ሰው ኖሮበት ያረጀ ነው። እኛም ዐረብ አገር እንዲህ ባለው ውስጥ ነበር የምንተኛው።" የፈረሰ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ግድግዳ መሆኑን ኋላ አጣራን። ያኔ ነው ያ ታጣቂ ለምን እንደሳቀ የገባኝ። ጠላት በአንድ እይታ ያወቀውን እኛ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ሲቀረው አወቅን፤ ለእሱ የዘመድ ዕቃ አይደለምና ገልጦ አየው። እኔ ጮህኩ፣ ሰደብኩ፣ ሂንድን ሳይቀር ጠርቼ ምን ወለድሽ አልኩ። ኑርዬ የቆረጠውን ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ሐይቅ ሂዱና አምጡት አለ፣ ሌላ አልተናገረም።

አብዱልከሪም ሳያንገራግር መጣ። ባጃጅ ዳገቱ የሚጀምርበት ድረስ አደረሰው፤ ከዚያ በእግሩ ወጣ። ቅሬው የተሰበሰበው እዚያው ባዶው የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ጫማውን አውልቆ መሐል ገብቶ ተንበረከከ። ምክንያቱን ዘረዘረ። ደህናው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ዕጦት ቀረ፣ በእጁ የነበረው ገንዘብ ሌላ ነገር ላይ ዋለ፣ እንዳያፍር ብሎ የፈረሰ ካምፕ ገዝቶ አስቀባ። ሳይከፈት በደህናው ልተካው ነበር፣ ለዚህ ነው አትክፈቱ ያልኩት አለ፤ ጦርነቱ ቀደመኝ። አልቅሶ አውፍ በሉኝ አለ፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። እውነቱን ነው ብዬ አምናለሁ። ሌባ ሁሉ ነገ ሊመልስ ነው የሚሰርቀው።

ሰዉ ተንጫጫ። ከቅሬ ይውጣ የሚለው በረከተ። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጭሩለትም፣ ለቅሶ አይደርሱለትም፣ ቢሞት አይቀብሩትም። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ፍርድ የለም፤ በዕድሜዬ ሲፈረድ ያየሁት አንዴ ነው። ሁሉም ዞሮ ኑርዬን አየ። ኑርዬ ስለ ፓነሉ አንድም ነገር አልጠየቀም።

"መኪና ይዘህ የመጣህ 'ለት፣ ኸጭዱ ሥር ያለው ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር?" አለው።

አብዱልከሪም "አውቅ ነበር አባ" አለ።

"እማ አንተ ንገረው ስትልህ ሰምተሃታል።"

"ሰምቻታለሁ።"

"አንዲት ቃል ነበረች እኮ" አለ ኑርዬ። "የማይረባ ነው፣ ተወው ብትለኝ እሄድ ነበር።" ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። "ስትሞት ፈለገችኝ?"

"ሌት ተቀን። ለምን አልመጣም ትለኝ ነበር።"

"አንተስ ምን አልካት?"

አብዱልከሪም ግንባሩን ሲሚንቶው ላይ ደፋ። ድምፁ የተሰማን በግድ ነው። "አማና ይዟል፣ ትቶ አይመጣም አልኳት።"

አንዲት ሴት ከኋላ እዬዬ ልትል ስትል ሌላዋ አፏን ያዘቻት። ሰው እንዴት የገዛ ውሸቱን ለምትሞት ሴት የባሏ ጥፋት አድርጎ ይነግራል? እሷም አምናው ሞተች። ኸቆርቆሮ እንዳነሰች አምና ሞተች።

ኑርዬ ተነሳ። ትከሻው ስለሚያመው ቀስ ብሎ ነው የተነሳው። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር።

"ቅሬው አይቀብርህም ብሏል፤ የቅሬው ቃል ቃሌ ነው" አለው። "ግን እሷን በእጅህ ቀብረሃታል፤ እኔ ያልደረስኩላትን ደርሰህላታል። የዚያን ብድር አላስቀርብህም። ሞተህ ብትመጣ ብቻዬን ቆፍሬ እቀብርሃለሁ። ቆመህ ግን አትምጣ።"

በወሎ አንዱ ሲጨክን ሌላው ተው ይለዋል። ለዚህ የማይታጣ ሽማግሌ አለ፤ ለገዳይ እንኳ ተው ባይ ይገኛል። አብዱልከሪም ይህን ስለሚያውቅ ቶሎ አልተነሳም፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ሸሁን አየ፣ ቄሱን አየ፣ እኔን አየኝ። ቆየ። ማንም ተው አላለም። ጫማውን አንስቶ በእጁ እንደያዘ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ኑርዬም ጀርባውን ሰጥቶት ባዶው ወለል ላይ እንደቆመ ነበር።